ቤቱ የኛ ነው፤ ወረቀቱ ግን ሌላ ይላል

አምና አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት፣ ደቡብ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ቤት ገዛን። ዳውን ፔይመንቱን (ቅድሚያ ክፍያውን) ግማሹን ከደሞዛችን አጠራቅመን፣ ግማሹን ከእቁብ አውጥተን ነው የከፈልነው። የክሎዚንግ ቀን፣ ግዢው የሚያልቅበት ቀን ማለት ነው፣ ፊርማው አያልቅም። እጃችን እስኪዝል ፈረምን። መጨረሻ ላይ የምታስፈርመን ሴትዮ አንድ ወፍራም የወረቀት ጥራዝ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልን። ጠርዙ ተበልቷል፣ ቀለሙ ወደ ቢጫ ሄዷል። «ይሄን እንዳትጥሉት። ከጠፋ እንደገና ማሠራት ብዙ ገንዘብ ያስወጣል» አለችን።

አብስትራክት ይሉታል። መሬቱ መጀመሪያ ተሸንሽኖ ከተሸጠበት ጊዜ ጀምሮ በማን እጅ እንደዞረ፣ ማን እንደተበደረበት፣ ማን ሞቶ ማን እንደወረሰው በታይፕ እየተመታ የተጠረዘበት ነው። ሚኒሶታ ውስጥ የቆየ ቤት የገዛ ሰው ያውቀዋል። ብዙው ሰው ግን ሳያነበው መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። እኛም ከተትነው።

አንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አወጣሁት። ይሄ ቤት ከኛ በፊት የማን እንደነበር ማወቅ ፈለግኩ። የስዊድንና የኖርዌይ ስሞች ይበዛሉ። ብድር፣ ውርስ፣ ዘግይቶ የተከፈለ ግብር። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቤቱን ለልጇ ስታዛውር። ደስ እያለኝ ነበር የማነበው። ከዚያ 1920ዎቹ ላይ ደረስኩ።

ከሽያጩ ዝርዝር መሃል፣ ስለ አጥርና ስለ ቤቱ ርቀት ከሚያወራው አንቀጽ ቀጥሎ፣ እንዲህ የሚል አለ። ይህ ቦታ የቻይና፣ የጃፓን፣ የሙር፣ የቱርክ፣ የኔግሮ፣ የሞንጎል ወይም የአፍሪካ ደም ወይም ዘር ላለበት ሰው በማናቸውም ጊዜ አይተላለፍም፣ በመያዣነት አይሰጥም፣ አይከራይም።

የአፍሪካ ደም። በማናቸውም ጊዜ። ደጋግሜ አነበብኩት። ላይ ፎቅ ልጆቼ ተኝተዋል። ባለቤቴን ቀስቅሼ አሳየሁት። «ይሄ እኮ የድሮ ነው» ብሎኝ ተመልሶ ተኛ። እውነቱን ነው፣ የድሮ ነው። እኔን ግን አላስተኛኝም።

ነገርን ከሥሩ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና በማግስቱ ማንበብ ጀመርኩ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሚኒያፖሊስ ውስጥ እንዲህ ያለ ውል መጀመሪያ የታየው በ1910 ነው። ያኔ የተጻፈው ዓረፍተ ነገር እኔ ቤት ካለው ጋር አንድ ነው፤ የዘሮቹ ዝርዝር እንኳ በዚያው ቅደም ተከተል ነው። እንደ ፎርም ሲቀዳ ኖሯል ማለት ነው። ነገሩን ካስፋፉት መካከል ኤድመንድ ዋልተን የሚባል መሬት ሸንሽኖ ሻጭ ይገኝበታል። ሚሲሲፒ ወንዝን ይዞ የሚሄደው ኤድመንድ ቡሌቫርድ በሱ ስም ይጠራ ነበር። በ2024 ስሙ ተነስቶ በሊና ስሚዝ ተተካ። እሷን ወደታች አመጣታለሁ።

በ2016 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ማፒንግ ፕረጁዲስ የሚባል ሥራ ጀመሩ። በጎ ፈቃደኞች የድሮ የሽያጭ ሰነዶችን አንድ በአንድ እያነበቡ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ያለባቸውን ቤቶች ካርታ ላይ አስቀመጡ። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ብቻ ከ8,000 በላይ ተገኙ። ካርታውን ስከፍት የኛን ብሎክ አየሁት። ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀለም ተሞልቷል።

ይሄ አላባማ አይደለም። ስሟ በደግነት የሚጠራ፣ ስደተኛ ትቀበላለች የምትባል የሰሜን ከተማ ናት። ለኔ ከባዱ ነገር ይሄ ነው። «ለጥቁር አይፈቀድም» የሚል ሰሌዳ ማንም በር ላይ አልሰቀለም። ነገሩ በሙሉ ያለቀው ማንም በማያነበው ወረቀት ላይ ነው። ገዢና ሻጭ ይፈራረማሉ። ከዚያ ውሉ መሬቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ቀጥሎ የሚገዛውንም፣ ከሱ ቀጥሎ የሚመጣውንም ያስራል። ውሉን ያፈረሰ ፍርድ ቤት ሊቆም፣ ቤቱንም ሊያጣ ይችል ነበር።

መንግሥትም ዳር ቆሞ አላየም። በ1934 የተቋቋመው የፌደራል ቤቶች አስተዳደር ለባንኮች የቤት ብድር ዋስ ይሆን ነበር። መመሪያው እንዲህ ያለ ውል ያለበትን ሰፈር እንደ አስተማማኝ ይቆጥር ነበር። ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰፈር ደግሞ በመንግሥት ካርታ ላይ በቀይ ተቀለመ። ሰሜን ሚኒያፖሊስን ዛሬ «አደገኛ ሰፈር» እያልን የምናወራ ሰዎች ይሄን ካርታ ብናየው ጥሩ ነው። ቀዩ ቦታ ያለው እዚያ ነው። ብድር ያልገባበት ሰፈር ቤት ሲያረጅ ማደሻ የለውም፤ ሱቅ ሲዘጋ መክፈቻ የለውም።

ውል በሌለበትም ቢሆን ለጥቁር ሰው ቀላል አልነበረም። በ1931 አርተርና ኢዲት ሊ የሚባሉ ባልና ሚስት ከትንሽ ልጃቸው ጋር 46ኛ መንገድና ኮለምበስ ጥግ ላይ ቤት ገዙ። አርተር ፖስታ ቤት ይሠራል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ፈረንሳይ ድረስ ዘምቶ የተመለሰ ነው። የሰፈሩ ሰዎች እንዲለቅ ጠየቁት። እምቢ ሲል ማታ ማታ ቤቱን ይከቡት ጀመር። እስከ 4,000 የሚደርስ ሰው የተሰበሰበበት ጊዜ ነበር። ድንጋይና ቀለም ወረወሩ። አርተር ሊ ያኔ የተናገረው ተመዝግቦ ቀርቷል። «እዚህ የመጣሁት ይህን ቤት መኖሪያዬ ላደርገው ነው። ቤት የመመሥረት መብት አለኝ።» የሥራ ባልደረቦቹና አብረውት የዘመቱ ወታደሮች እየተፈራረቁ ቤቱን ጠበቁለት። ጠበቃ ሆና የቆመችለት ሊና ስሚዝ ናት። በሚኒሶታ የጥብቅና ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት፣ ያውም በ1921።

ያ ቤት ዛሬም አለ። ሄጄ አየሁት። ትንሽ ቤት ናት፣ አጠገቧ የመታሰቢያ ጽሑፍ ቆሟል። ከዚያ ወደ ሰሜን 8 ብሎክ ቢሄዱ 38ኛ መንገድና ቺካጎ ይደርሳሉ። ጆርጅ ፍሎይድ በ2020 የተገደለበት ቦታ ነው። ያ አካባቢ የደቡብ ሚኒያፖሊስ ጥቁሮች ለብዙ ዘመን የኖሩበት ሰፈር ነው። እዚያ የተሰባሰቡት ሌላው ቦታ ስለተከለከላቸው ነው።

ውሎቹ በሕግ ወድቀዋል። በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማንም ዳኛ እንዲህ ያለ ውል ማስፈጸም አይችልም አለ። በ1953 ሚኒሶታ አዲስ ውል እንዳይጻፍ ከለከለች። በ1968 ቤት ሲሸጥና ሲከራይ በዘር ማዳላትን የሚከለክለው የፌደራሉ የቤት ሕግ ወጣ። ከዚያ በኋላ ግን ማን ምን እንደያዘ አስቡት። አንዱ ቤተሰብ ለ40 እና 50 ዓመት ዋጋው የሚጨምር ቤት ይዞ ቆይቷል። ሌላው ኪራይ ሲከፍል ኖሯል። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች አስልተውት ሚኒያፖሊስ ውስጥ ይህ ውል የነበረበት ቤት ካልነበረበት ዛሬም ዋጋው በአማካይ 15 በመቶ ይበልጣል። ሚኒሶታ ውስጥ ከነጭ ቤተሰቦች ከአራቱ ሦስቱ ገደማ የራሳቸው ቤት አላቸው። ከጥቁሮች ግን ከሦስቱ አንዱም አይሞላም።

እኛንስ ይጨምራል?

ይህን ሁሉ እያነበብኩ ቢሆንም ነገሩ እውነት ሆኖ የገባኝ ጋሼ የመጡ ቀን ነው። ጋሼ የባለቤቴ አጎት ናቸው። እዚህ አገር ከመጡ 40 ዓመት ሊሞላቸው ነው። በሱዳን በኩል ነው የመጡት። ሌት ሌት የቢሮ ጽዳት ሠርተዋል፣ ታክሲ ነድተዋል፣ ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ አስገብተዋል። እኛ ቤት ስንፈልግ ከማንም በላይ ያማከሩን እሳቸው ናቸው። ምክራቸው አንድ ነበር። «ሰፈሩን አጥኑ። ጥቁር የበዛበት እንዳትገቡ። ልጆቻችሁ ይበላሻሉ፣ ትምህርት ቤቱም አይረባም።»

ይሄን ያሉት ከክፋት አይደለም። ስለሚወዱን ነው። በኛ መሃል ይሄን ምክር ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። እቁብ ላይ ይባላል፣ ልደት ላይ ይባላል፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቡና ሲጠጣ ይባላል።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ከእትዬ ጋር ቤት ሊመርቁልን መጡ። ድፎ ዳቦ ይዘዋል። ጋሼ ባርከው ቆረሱ። ቤቱን ዞረው አዩ፣ የወለሉን እንጨት መታ መታ አደረጉ፣ ምድር ቤት ወርደው የማሞቂያውን ዕድሜ ጠየቁ። ደስ ብሏቸዋል። ቡናው እስኪደርስ ስንጨዋወት ያው የሰፈር ነገር ተነሳ። ያኔ ተነስቼ ጥራዙን ከመሳቢያ አመጣሁት።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላንብብልዎት?»

«እስቲ አንብቢው።»

በአማርኛ እያልኩ አነበብኩላቸው። መነጽራቸውን አወጡና ወረቀቱን ከእጄ ተቀበሉኝ። በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ ራሳቸው አነበቡት።

«የዚህ ቤት ነው?»

«የዚሁ ቤት ነው።»

ትንሽ ቆዩ። «የአፍሪካ ደም የሚለው እነሱን ነው እንጂ እኛን አይደለም። እኛ ያን ጊዜ መቼ መጣንና» አሉ።

እትዬ ረከቦቱ ጋ ሆነው ስኒ ያለቀልቁ ነበር። ቀና አሉና «ኢትዮጵያ ታዲያ የት ነው ያለችው?» አሉ።

ማንም አልመለሰም። ባለቤቴ ዳቦውን ወደ ልጆቹ አስጠጋ። ጋሼ ወረቀቱን አላስቀመጡም። ከዚያ አንድ ብዙ ጊዜ የሰማነውን ታሪክ ጀመሩ። እንደመጡ ሰሞን ነው። አንድ አፓርታማ ክፍት ነው ተብሎ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ስፖንሰር ያደረጓቸው ፈረንጅ ይደውሉላቸዋል። «ክፍት ነው፣ ይምጣ» ይባላል። ጋሼ በሁለት አውቶቡስ ይሄዳሉ። በሩን የከፈተችው ሴትዮ «አሁን ገና ተከራየ» ትላቸዋለች። ሰውየው ከሰዓት በኋላ መልሰው ሲደውሉ አሁንም ክፍት ነው።

ይሄን ታሪክ ሲያወሩት መዝጊያው ሁልጊዜ አንድ ነበር። «ምን ታደርገዋለህ፣ እንግሊዝኛ አልችልም ነበር።» ለልጆቹም እንግሊዝኛ እንዲማሩ ማበረታቻ ያደርጉት ነበር። ያን እሁድ ግን ታሪኩን እንደጨረሱ ዝም አሉ። ቀጥለው «እንግሊዝኛዬን መቼ ሰማችና» አሉ። «አፌን ሳልከፍት ነው በሩን የዘጋችው።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚህ አገር ግን የተወጋውም ይረሳል። ወይም ሌላ ስም ይሰጠዋል። ቋንቋ ነው ይላል፣ ዕድል ነው ይላል፣ ክሬዲት ስላልነበረኝ ነው ይላል። የጋሼን ነገር ሳስበው ይገባኛል። ባዶ እጁን መጥቶ ልጅ የሚያሳድግ ሰው በሩ በቀለሙ ምክንያት ተዘጋ ብሎ ካመነ በማግስቱ እንዴት ተነስቶ ሥራ ይሄዳል? እንግሊዝኛ ቢሆን ይማሩታል። ቆዳን ግን ምን ያደርጉታል? ስለዚህ ያንን ታሪክ በእንግሊዝኛ ማሳበቡ መኖሪያ ሆኗቸዋል።

ችግሩ ያ ማሳበቢያ ብቻውን አለመምጣቱ ነው። «እኛ ከነሱ እንለያለን» የሚለውን ይዞ ይመጣል። በሩ የተዘጋው በነሱ ላይ እንጂ በኛ ላይ አይደለም የሚለውን። ጋሼ ያን በር ሲያንኳኩ የ1968ቱ ሕግ ከወጣ ዓመታት አልፎታል። ሴትዮዋ ያደረገችው ሕገ ወጥ ነበር። ያንን ሕግ ያስወጡት ደግሞ ጋሼ «አትቅረቧቸው» የሚሉን ሰዎች እናትና አባት ናቸው። አርተር ሊን የመሰሉ ሰዎች ድንጋይ እየተወረወረባቸው ቤታቸው ውስጥ ባይቀመጡ ኖሮ እኔ ዛሬ ይሄን ቤት በእቁብ ብር አልገዛውም። ይሄን እዚህ አገር ያለ ሐበሻ ሁሉ እንዲያውቀው እፈልጋለሁ። ይሉኝታ ይዞኝ ስለማልናገረው እዚህ እጽፈዋለሁ።

ከቤቱ ሥር ያለችው ቁጥር

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ ልምጣ፤ ሁለቱ የማይለያዩ ናቸው።

ቤት የፈለገ ሰው ያውቀዋል። ድረ ገጹ ላይ ከቤቱ ፎቶ ሥር የትምህርት ቤቶቹ ቁጥር ትወጣለች፣ ከአንድ እስከ አስር። ሪልተር (የቤት ደላላ) ሰፈሩ ውስጥ ማን እንደሚኖር ቢነግራችሁ ሕግ ይከለክለዋል። ስለዚህ «ትምህርት ቤቱን እዩት» ይላችኋል። ቁጥሯ በአብዛኛው የፈተና ውጤት ናት። የፈተና ውጤት ደግሞ የወላጅ ኪስ የሚሄድበት ይሄዳል። ገንዘብ ያለው ወላጅ የሚኖርበት ሰፈር ደግሞ ብዙ ጊዜ ውሉ የነበረበት ሰፈር ነው። እናም ከ100 ዓመት በፊት ታይፕ የተመታው ነገር ዛሬ ስልካችን ላይ በቁጥር መልክ ይመጣል። ባለ ዘጠኝ ሰፈር ቤቱ ይወደዳል። መግዛት የሚችለው ያለው ሰው ነው። ያለው ሰው ልጁን ያስገባል፣ ቁጥሯ ከፍ ትላለች፣ ቤቱ ይበልጥ ይወደዳል።

ይህ ከተማ አንድ ጊዜ ነገሩን ለመስበር ሞክሮ ነበር። በ1971 ሔል እና ፊልድ የሚባሉ ሁለት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተጣመሩ። ሔል ነጭ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ፊልድ ውስጥ ከግማሽ በላይ ጥቁር ልጆች ነበሩ። የሁለቱም ሰፈር ታናናሾች ሔል፣ ታላላቆቹ ፊልድ እንዲማሩ ተደረገ። ፊልድ ከአርተር ሊ ቤት በእግር የሚደረስ ነው። በ1972 ዳኛ ኧርል ላርሰን የሚኒያፖሊስ ትምህርት ቤቶች በዘር የተከፋፈሉ ናቸው ብለው ፈረዱ። ልጆች በአውቶቡስ ከሰፈር ሰፈር መዛወር ጀመሩ። የፍርድ ቤቱ ቁጥጥር በ1983 አበቃ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተማው ወደ ሰፈር ትምህርት ቤት ተመለሰ። ሰፈሩ ደግሞ ያው የድሮው ሰፈር ነው።

ክርክሩ አልተዘጋም። በ2015 ወላጆች ሚኒሶታን ከሰሱ። ትምህርት ቤቶቹ በዘርና በድህነት ተለያይተዋል፣ ይሄ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ለልጆቻችን የሰጠውን በቂ ትምህርት ያሳጣቸዋል አሉ። በ2018 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩ በዳኛ ሊታይ ይገባል አለ። በ2023 ግን የዘር መለያየቱ ብቻውን ሕገ መንግሥት መጣስ አይደለም፣ ልጆቹ በቂ ትምህርት ለማጣታቸው ጉልህ ምክንያት መሆኑ መረጋገጥ አለበት አለ። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። እንደ እናት ግን እጠይቃለሁ። ልጆቹ ተለያይተው የተቀመጡት ለነሱ ጥቅም ተብሎ እንዳልሆነ ወረቀቱ ራሱ ይናገር የለም?

እዚህ ላይ የኛ ነገር ትንሽ ይወሳሰባል። ብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ወላጅ ልጁን ቻርተር ትምህርት ቤት፣ በመንግሥት ገንዘብ ግን ራሱን ችሎ የሚተዳደር ትምህርት ቤት፣ ያስገባል። እዚያ ሁሉም ልጅ ከአንድ አካባቢ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሴት ልጄ ነጠላ ብትለብስ ወይም ብትሸፈን አይሳቁባትም፣ አስተማሪዋ ስሟን አስተካክላ ትጠራታለች ይላሉ። ይሄን ከዚያ ውል ጋር አንድ ማድረግ ልክ አይመስለኝም። ተገፍቶ መሰብሰብና ተጠራርቶ መሰብሰብ ይለያያል። ግን ልጆች ሳይተዋወቁ የሚያድጉበት ከተማ መሆኑ አልቀረም፣ ያ ይከብደኛል።

የኛ ሰፈር ቤት ውድ ቢሆንም ልጄ የተመደበችበት ትምህርት ቤት ቁጥሩ ዝቅተኛ ነው። የአካባቢው ነጭ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ሌላ ቦታ ይወስዳሉ። ከመመዝገቤ በፊት ሄጄ አንድ ጠዋት ሙሉ ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩ። ሁለተኛ ክፍል ነው። አስተማሪዋ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ልጆቹን በትንንሽ ቡድን ታስነብባለች። አንድ ከኢኳዶር የመጣ ልጅ ገና እንግሊዝኛ እየጀመረ ነው። አጠገቡ ያለች የሶማሌ ልጅ ጣቱን ይዛ ቃሉ ላይ ታስቀምጥለታለች። ማንም አላዘዛትም። አስተማሪዋ አይታ ምንም አላለችም፣ ገጹን ገለጠችላቸው። ይሄ ቁጥሯ ውስጥ የለም።

ሌላም ነገር አየሁ። ቤተ መጻሕፍቱ ተቆልፏል። ኃላፊዋ የምትመጣው በሳምንት ጥቂት ቀን ነው። ከከተማው ሐይቆች ወዲያ፣ ሀብታሞቹ በሚኖሩበት ሰፈር፣ ልጆቿን የምታስተምር ጓደኛዬ ደግሞ የሷ ትምህርት ቤት ወላጆች በየዓመቱ ጨረታ አዘጋጅተው ገንዘብ እንደሚያሰባስቡ ነግራኛለች። በዚያ ብር ተጨማሪ ረዳት አስተማሪ ይቀጠራል። አንድ ከተማ ነው፣ አንድ የትምህርት ቢሮ ነው፣ መንግሥት ለድሃ ልጆች ተጨማሪ በጀትም ይሰጣል። ልዩነቱ የሚመጣው እንዲህ ባለው ነገር ነው። የቆየ አስተማሪ ወዴት እንደሚዛወር፣ የትኛው ወላጅ ስብሰባ የሚሄድበት ጊዜ እንዳለው፣ ማን ኢሜይል ጽፎ መልስ እንደሚያገኝ። ማታ ፈረቃ የሚሠራ ሰው ስብሰባው ላይ የለም። ስብሰባው ላይ የሌለ ሰው ትምህርት ቤት ደግሞ መጀመሪያ ይዘጋል። የተማሪ ቁጥር እየቀነሰ ስለሆነ የመዝጋት ወሬ እየተወራ ነው።

ልጄን እዚያው አስገባኋት። ትዕግሥት የሚጠይቅ ነገር አለው። ቤት ውስጥ በሒሳብ አግዛታለሁ፣ አቅም የሌለው ወላጅ ይሄን ማድረግ እንደማይችልም አውቃለሁ። ሁሉም ሰው እንደኔ ያድርግ አልልም።

ፎርሙ

በ2019 ሚኒሶታ አንድ ሕግ አወጣች። የቤት ባለቤት ይሄን ዓረፍተ ነገር በይፋ አልቀበለውም ብሎ ማስመዝገብ ይችላል። ጀስት ዲድስ በሚባል ሥራ የሚሳተፉ በጎ ፈቃደኛ ጠበቆች ያለ ክፍያ ይረዳሉ። የድሮው ጽሑፍ አይፋቅም። አዲስ ወረቀት ይጨመርበታል፣ ያ ቃል ውድቅ ነው ይላል። አለመፋቁን ወድጄዋለሁ። ከእኔ በኋላ የሚገዛው ሰው ሁለቱንም ያንብብ።

ባለቤቴ «ምን ይጠቅማል?» አለኝ። ለማንም ቤት አይሰጥም፣ የማንንም ልጅ ክፍል አይቀይርም። ልክ ነው። ከተማው በ2018 መጨረሻ ያጸደቀው እቅድ ከዚህ ይበልጣል። አንድ ቤት ብቻ ይፈቀድበት የነበረ ቦታ ላይ ሁለትና ሦስት ቤተሰብ የሚይዝ እንዲሠራ ፈቀደ። ስብሰባዎቹ ላይ የነዚያ ውሎች ካርታ ይቀርብ ነበር። ተቃዋሚውም ብዙ ነበር፣ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። እኔ ደግፌዋለሁ። ቢያንስ ተከራይ የነበረ ሰው ወደ ሐይቆቹ አካባቢ ይጠጋል። ቢሆንም ፎርሙን ሞላሁት። ስማችን ከዚያ ዓረፍተ ነገር በታች እንዲመዘገብ ፈልጌ ነው። ሲመዘገብ የአፍሪካ ደም ያለበት ሰው ፈርሞበታል ማለት ነው።

ጋሼ ስለ ሰፈር መምከር አላቆሙም። ግን አንድ ነገር ለውጠዋል። ባለፈው እቁብ ላይ ቤት የሚፈልጉ አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ። ልጅቷ እርጉዝ ናት። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ቁጥሮቹን ያሳያል፣ ይሄ ስምንት ነው፣ ይሄ አራት ነው ይላል። የድሮው ምክር ከሦስት አቅጣጫ መጣላቸው። ጋሼ ሰምተው ሰምተው «ሂዱና ክፍሉ ውስጥ ተቀመጡ። እሷ ትወስዳችኋለች» ብለው ወደኔ ጠቆሙ።

ልጁ «ቁጥሩስ ጋሼ?» አለ።

«ቁጥሩን ማን እንደጻፈው ጠይቅ» አሉት።

ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋግሬያለሁ። ሐሙስ ጠዋት ሁለቱን ይዤ እሄዳለሁ። በዚያው ሳምንት ማታ የትምህርት ቦርዱ ስብሰባ አለ። እቁባችን ውስጥ መኪና ያለንና የማታ ፈረቃ የማንሠራ ተነጋግረን ሌሎቹን ልናደርስ ተስማምተናል። የቤተ መጻሕፍቱን ነገር የማነሳው እኔ ነኝ።